የመስታወቱ ዓሦች

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ።

ይህች ሴት የልብስ ሱቅ አላት። ጨርቁን የምታቀልመው ከሱቋ ጀርባ፣ ከወንዙ በላይ ባለው ማቅለሚያዋ ነው። ልብሷን ሊረከብ ያሰበ አንድ ትልቅ ድርጅት ገምጋሚ ላከባት። ሥራዋ በወንዙና በውስጡ በሚኖረው ፍጥረት ላይ ምን እንደሚያደርስ ለገዢዎቿ በግልጽ ትናገር እንደሆነ ሊያይ ነው። ካላለፈች ውሉ ይቀራል፤ ሰፊዎቿም ይበተናሉ።

እንቅልፍ አጣች። ምን አደረገች መሰላችሁ? በሩ አጠገብ የመስታወት ገንዳ አስቀመጠች። ከማቅለሚያው ከሚወጣው ውሃ ለገንዳው የሚበቃውን ብቻ አጣርታ ሞላችበት። ቀያይ ዓሦች ለቀቀችበት። "ውሃችን ሕይወት ያኖራል" ብላ ለጠፈችበት።

ገምጋሚዋ ትርሲት መጣች፤ ጎንበስ ብላ አየች።

"ያምራሉ። ከወንዙ ነው ያመጧቸው?"

"ኧረ ከአዲስ አበባ ነው ያስገዛኋቸው።"

"የወንዙ ዓሦችስ?"

ሴትዮዋ አጠገቧ የቆመውን ወንድሟን ዞር ብላ አየች።

ወንድሟ ገረመው ጆሮዋ ሥር ገብቶ፣ "ደህና ናቸው በያት እንጂ! ዓሣ እንደሆነ አፍ አውጥቶ አይመሰክርብሽ!" አላት።

እሷ ግን ወደ ትርሲት ዞረች። "አላውቅም፣ እህቴ። ማቅለሚያውን ከከፈትኩ ወዲህ ወደ ወንዙ ወርጄ አላውቅም። የማየውን ፈርቼ።"

"እንግዲያው አብረን እንውረድ፣ እትዬ።"

ወረዱ። የማቅለሚያው ውሃ ወደ ወንዙ ከሚወርድበት ቱቦ በላይ እንቁራሪቱ ይንጫጫል። ከቱቦው በታች ምንም የለም። ቆማ አዳመጠች። ምንም።

ተመልሳ ጽሑፉን ገነጠለችና ሌላ ለጠፈች፦ "ከቱቦአችን በታች እንቁራሪት አይጮህም። ዝም ያሰኘነው እኛ ነን።" ማጣሪያ እስኪሠራም ማቅለሚያውን ዘጋች። ውሉ ይገኝ፣ ይቅር፣ አላወቀችም። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደገና ወረደች፤ ልታዳምጥ።

እናንተስ?

እኛ እናቶች የማንፈራው ነገር አለ? ስልክ ሲጮህ እንደነግጣለን። ልጅ ትንሽ ሲዘገይ የሚታየን ሬሳው ነው። ታዲያ ከገዛ እጃችን የሚፈሰውን ለማየት ለምን አንወርድም? እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው ጸሎት፣ የምናሳየው ፈገግታ፣ እሱስ የበር ላይ ገንዳ አይደለም? ከእኛ በታች ማን አለ? ሠራተኛችን? ልጃችን? ልጁ ዝም ሲል "ጨዋ ሆነልኝ" እንላለን። ጨዋ ሆኖ ነው? ወይስ ከአፋችን የወጣው ደርሶበት?

እግዚአብሔር ገንዳውን አይቶ አይመለስም፤ ወንዙ ድረስ ይወርዳል።

እኔ እፈራለሁ። እናንተም ፍሩ፤ ግን እየፈራችሁም ውረዱ። ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ ያ ዝም ያለው ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። አትናገሩ። አዳምጡ።