የበርሜሉ ጥጃ

አንድ መምህር ነበረ፤ የገዛ ጥላውን የማያምን።

ናሁሰናይ፣ የጠየቅከኝን አልረሳሁም። ዩኒቨርሲቲው ለማስተማሪያ ማሻሻያ ብሎ ያችን ትንሽ ድጋፍ ሰጠህ፤ ተማሪዎችህን በቡድን በቡድን ከፋፈልካቸው፤ አሁን ደግሞ «የሚሠራውን ከሚያንቀላፋው እንድለይ በየቡድኑ ተደብቆ የሚመዘግብልኝ ልጅ ላስቀምጥ ወይ?» አልከኝ። ሰምቼሃለሁ። መልሱን ከዚህ ሰውዬ ታገኘዋለህ፤ እስክጨርስ ግን አታቋርጠኝ።

ሰውየው የእንስሳት ሕክምና መምህር ነበረ። ሙያውን አብጠርጥሮ ያውቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጀርባውን ለተማሪ ሰጥቶ በጠመኔ ሲጽፍ ኖሯል፤ እየጻፈም ጆሮው ወደ ኋላ ነበር። ሳቅ ከሰማ በእሱ ነው የሳቁት። ዝም ካሉ እየመከሩበት ነው። ደህና አደርክ ያለውን ሰው እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» እያለ ግማሽ መንገድ ያስበዋል። ክፉ ሰው ነው እንዳልል ክፉ አልነበረም። እንዲሁ አመኔታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ተማሪ በእጁ እየሠራ፣ በአፉ እየተከራከረ የሚማርበትን መንገድ ለሚያመጣ መምህር አነስተኛ ድጋፍ ይሰጣል ይላል። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ከጀርባው ሌላ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ተማሪ እንዲያወራ ገንዘብ? ኧረ በስመአብ! ይሄ ነገር ውስጠ ወይራ ነው» አለ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን አልለቀቀውም። «ካንተ ሌላ ማን ይችለዋል?» እያለ፣ እያባበለ ፎርሙን አስሞላው። መምህሩ ይህንንም ሙገሳ ጠረጠረው። ጠርጥሮም ሞላ።

እውነቱን ለመናገር ያሰበው ነገር ሸጋ ነበር። የእንስሳት ሐኪም፣ ላም ምጥ ሲጠናባት እጁን አስገብቶ ጥጃው እንዴት እንደተኛ በዳሰሳ ብቻ ማወቅ አለበት። ይህን በጠመኔ ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ አንድ በርሜል ገዝቶ አጋደመው፤ አፉን በጎማ ሸፍኖ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ተወለት። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ከሸራ ጥጃ አሰፋ፤ ሆዱን በጭድ ሞላው፤ እግሮቹን እንደ እውነተኛ እግር እንዲታጠፉ አድርጎ አሠራቸው። ጥጃውን በርሜሉ ውስጥ አስገብቶ የተልባ ውሃ አፈሰሰበት። እጅህን ስትከት ያሙለጨልጫል፣ ልክ እንደ ላም ማህፀን።

ተማሪዎቹን አንድ ለአምስት አደራጃቸው። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ገበያ ሆነ። አንዱ እጁን ከትቶ «ጆሮ ያዝኩ!» ይላል። ሌላው ይከትና «ምን ጆሮ ነው፣ ጅራት እኮ ነው!» ይለዋል። ይሳሳታሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ደግመው ይዳስሳሉ። ሰዓቱ አልቆ እንኳ የሚወጣ ጠፋ።

ሌላ መምህር ቢሆን ደስ ይለው ነበር። የኛ ሰው ግን ጥርጣሬው ተነሳበት። ይሄ ሁሉ ሳቅ ለማን ነው? ማን ነው በቁም ነገር የሠራው፣ ማንስ ነው በጓደኛው ላብ የሚያልፈው? ድጋፉን የሰጡት ሰዎችስ ነገ መጥተው «ክፍልህን መጫወቻ አደረግከው» ቢሉኝስ? እያለ ሲያብሰለስል ሰነበተ።

ከዚያ ከየቡድኑ አንዳንድ ልጅ ለብቻ ጠራና «ማን እንደሳተ፣ ማን እንደቀለደ፣ ማን እንደተኛ እየጻፍክ አምጣልኝ፤ ለማንም እንዳትናገር» አለ። ምስጢር መሆኑ ነው! በሦስተኛው ቀን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። በሳምንቱ ደግሞ የተመዘገበበት ሁሉ ማርኩ ተቀነሰ።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከየቡድኑ ጎበዙ ቀድሞ እጁን ይከታል፤ «የፊት እግር» ይላል። ሁለተኛው ይከትና «የፊት እግር» ይላል። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ አምስተኛውም እንደዚያው። ስህተት ጠፋ። ድጋፉን የሰጡት ሰዎች ለጉብኝት መጥተው ይህን አዩና አጨበጨቡ። መምህሩም እጅ ነሳ፤ ማታ ግን «ምን አስበው ነው እንዲህ ያጨበጨቡት?» እያለ እንቅልፍ አጣ።

ሰሚስተሩ ሊያልቅ ሲል አንዲት ባልቴት ላሟን እየጎተተች ወደ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ክሊኒክ መጣች። ያለቻት ላም እሷ ብቻ ናት፤ ወተቷን ለሰፈር እያከፋፈለች ነው የምትተዳደረው። ላሟ ከትናንት ጀምራ ስታምጥ ውላ አድራ አቅቷታል። ሁለት እግር ብቅ ብሎ ቀርቷል። መምህሩ ስብሰባ ላይ ስለነበር የተረኛው ቡድን አምስት ተማሪዎች በየተራ እጃቸውን አስገቡ። መምህሩ እየሮጠ ሲመጣ «ምንድን ነው?» አላቸው።

«ሁለቱም የፊት እግር ነው፣ መምህር» አለ ጎበዙ።

የቀሩትም አንድ በአንድ «የፊት ነው» አሉ። መዝጋቢው ልጅም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

እንግዲህ ተመልከት። ዕድሜ ልኩን ማንንም ያላመነ ሰው ያን ዕለት አመነ። አምስት አፍ አንድ ቃል ሲናገር ምን ይጠርጥር? ሁለቱን እግር በገመድ አሳሰረና «ሳቡ!» አለ።

ሳቡ። ላሟ አጓራች። ደግመው ሳቡ። ጥጃው ፍንክች አላለም፤ ላሟ ግን ጉልበቷ ከዳትና በጎኗ ወደቀች።

«ኧረ ገደላችሁብኝ! ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ባልቴቷ ገመዱ ላይ ተጠመጠመች።

መምህሩ አስቆማቸው። እጅጌውን ሰብስቦ መሬት ላይ ተኛና ክንዱን እስከ ትከሻው አስገባ። ዳሰሰ። ውስጡ በመሳቡ ብዛት አብጧል፤ ቆዳ ከቆዳ፣ አጥንት ከአጥንት አልለይ አለው። ላብ ከግንባሩ ወረደ። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ቆመው ያዩታል። የማያውቅ መስሎ መታየት ለእሱ ሞት ነበር፤ አላውቅም ያለበትን ቀን የሚያስታውስ አንድ ተማሪ አይገኝም። ላሟ ደግሞ ዓይኗ እየተገለበጠ ነው።

«አላወቅሁትም» አለ መምህሩ። መሬት ላይ እንደተኛ ነው የተናገረው። «ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። እባካችሁ፣ ከመካከላችሁ የተለየ ነገር የዳሰሰ አለ?»

 ከዚያ ከኋላ የቆመች አንዲት ቀጭን ተማሪ እጇን አወጣች። አራተኛ ሆና የዳሰሰች ናት።

«መምህር፣ አንደኛው እግር ጉልበት አለው። ሌላኛው ላይ ያገኘሁት ግን ቋንጃ ነው። አንዱ የፊት፣ አንዱ የኋላ እግር ነው» አለች። «መንታ ናቸው መሰለኝ። ከሁለቱም አንዳንድ እግር ነው የያዝነው።»

መምህሩ ክንዱን አውጥቶ ቦታውን ለቀቀላት። የእሷ ክንድ ቀጭን ስለሆነ ገባ። የኋላውን እግር ፈቱት፤ እሷ እየገፋች ወደ ውስጥ መለሰችው፤ የፊተኛውን ጥጃ ሌላ እግር ፈልጋ አመጣችው፤ ጭንቅላቱን አቃናችው። ሲስቡ ወጣ። በድን ነበር፤ ታፍኖ ሞቷል። ሁለተኛው ተከትሎ መጣና መሬት ሲነካ አስነጠሰ። ላሟም ተረፈች።

ባልቴቷ የሞተውን በነጠላዋ ሸፈነችው፤ ያለውን ደግሞ በሣር ማሸት ጀመረች። እያሸችም ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«መጀመሪያ እጄን ስከት ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ምነው አፍሽን ያዘሽ? ያኔ ብትናገሪ ይሄም ይተርፍልኝ አልነበር?»

ልጅቷ መዝጋቢውን ልጅ አየች፣ መምህሩን አየች፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየች። «ሁሉም የፊት ነው ሲሉ እኔ ብቻ ተሳስቼ ብገኝ ይጻፍብኛል ብዬ ነው» አለችና አለቀሰች።

«ምኑ ነው የሚጻፈው?» አለች ባልቴቷ። ነገሩ አልገባትም።

 መምህሩ የሚቆጣው ሰው ፍለጋ ዙሪያውን ተመለከተ። ጎበዙን አየ፣ መዝጋቢውን አየ። ሁሉም እሱ ያዘዛቸውን ያደረጉ ናቸው። የሚቆጣው ሰው አጣ።

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ናሁሰናይ።

ያ መምህር አንተ ነህ። አትኮሳተርብኝ፣ እኔም ነበርኩ። በርሜሉ ያንተ ድጋፍ ነው፤ በርሜሉ ምንም አላጠፋም፣ ጥሩ በርሜል ነው። ሰውየው ግን ተማሪ እንዲናገር ተብሎ የተሰጠውን ገንዘብ ተቀብሎ፣ የተማሪውን አፍ በመዝጋቢ ዘጋው። ባለፈው «‹ገባችሁ?› ስላቸው በአንድ ድምፅ ‹አዎ› ይሉኛል» ብለህ ደስ ብሎህ ነግረኸኝ ነበር። እኔ እንደሰማሁ ደነገጥኩ። ከመካከላቸው አንዷ የተለየ ነገር ዳስሳ ዝም ብላለች ማለት ነው፤ ከእነዚህ ልጆች እጅ ነገ የሰው ንብረት፣ የሰውም ነፍስ ይገባል።

ስለዚህ መልሴ አይሆንም ነው፤ መዝጋቢ አታስቀምጥ። ይልቅ ነገ ስትገባ አንተ ራስህ የማታውቀውን አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍና «ይሄን እኔም አላውቀውም» በላቸው። ከዚያ ወንበር ስበህ ተቀመጥ። ወዲያው የሚናገር አታገኝም። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፣ ወጥመድ ነው ብለው ይጠረጥሩሃል። እንዳትቀየማቸው። እስከ ዛሬ «ገባችሁ?» እያልክ «አዎ» ብቻ ስትሰማ ኖረሃልና ቢጠረጥሩህ እውነት አላቸው።