የስንሻው ጠመንጃና የአማቱ ቋጠሮ

፦ ተረት ተረት።
፦ የላሟን በረት ዘግተን መጣን፣ አክስቴ ንገሪን።

ቅረቡ፣ ቅረቡ። ሙላት፣ አንተም ጠጋ በል። ጠመንጃ ልገዛ ነው ስትል ሰምቼሃለሁ። ዝንጀሮ በቆሎዬን ፈጀብኝ ነው የምትለው። ግዛ፣ አልከለክልህም። መጀመሪያ ግን ይህቺን ስማ።

በድሮ ዘመን ቁልቋሌ በምትባል ቀዬ ስንሻው የሚባል ገበሬ ነበር። ደግ ሰው ነው። እርሻውን ያውቃል፣ ከብቱን ያውቃል። መስማት ብቻ አያውቅም። ሰው ሲነግረው አፉ «እሺ» ይላል፣ ልቡ ሌላ አገር ይሄዳል። እንደዚህ ዓይነት ወንድ ታውቃላችሁ አይደል? እኔማ አንዱን አግብቻለሁ።

ስንሻው ይታይሽ የምትባል ልጅ ነበረችውና ልትዳር ሆነ። በዚያ አገር ደግሞ ልጁን የሚድር አባት ትከሻው ላይ ጠመንጃ ከሌለ የተዋረደ ይመስለዋል። ስንሻውም ወይፈኑን ሸጠና ጠመንጃ ሊገዛ ተነሣ።

የዚያ አገር ሕግ ግን ጠንካራ ነበር። ጠመንጃ እንደ ማረሻ ከገበያ ተነሥቶ አይገዛም። ገዢው አስቀድሞ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ይቀርባል። ያኔ ቀዬውን የሚያስተዳድረው ጭቃ ሹም ነው። ከዚያም ጠባዩን የሚያውቅ ዋስ ይጠራል። ሹሙ ከፈቀደለት ይገዛል፣ ካልፈቀደለት ወደ ቤቱ። በጠመንጃው ካጠፋ ደግሞ የእሱና የዋሱ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ፍርድ እስኪያገኙ አብረው ይውላሉ።

ስንሻው ዋስ ፍለጋ ዞረ። ጎረቤቱ አልሆንም አለ። ወንድሙም፦ ለእህል ከሆነ ዋስህ ነኝ፣ ለጠመንጃ ግን እኔን ተወኝ፣ አለው። በመጨረሻ እሺ ያሉት ማን ናቸው? አማቱ፣ እሜት ደብሪቱ።

ኧረ አትሳቁ። ያኔ አማትና አማች ፊት ለፊት አይተያዩም። እሱ ሲገባ እሳቸው በነጠላቸው ይሸፈናሉ። እሱም ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። መነጋገር ሲያምራቸው በሚስቱ በጥሩወርቅ በኩል ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ፦ ጥሩወርቅ፣ ጨው ያቀብሉኝ በያቸው፣ ይላሉ። ጥሩወርቅ ስትመላለስ እግሯ ቀጠነ።

ከጥሩወርቅ ጋር ሦስቱም ሹሙ ወደሚፈርዱበት ዋርካ ሥር ቀረቡ። ጭቃ ሹም ሰጥአርጌ ሻጩ ያመጣትን ጠመንጃ ጭናቸው ላይ አስተኙና መከሩት።

፦ ስማ ስንሻው። ይህች ጠመንጃ በስምህ ናት። ለማንም አታውሳትም።
፦ እሺ።
፦ ሰው በተሰበሰበበት አትተኩስባትም። ሠርግም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን።
፦ እሺ ጌታዬ።
፦ ቤት ውስጥ ባዶዋን ተቆልፎባት ትቀመጥ። ጥይቱ ሌላ ቦታ። ጣትህን ከምላጩ አርቅ። አፈ ሙዟን ወደ ሰው አታዙር። ባዶ ናት ከማለትህ በፊት ጥይት የሚጠራቀምበትን ሆዷንም፣ ለመተኮስ የምትጎርስበትን ጉሮሮዋንም ከፍተህ በዓይንህ እይ።
፦ እሺ።
፦ አሁን ምን አልኩህ?
፦ እሺ።

እሜት ደብሪቱ ነጠላቸው ውስጥ ሆነው በረጅሙ ተነፈሱ።
፦ ጥሩወርቅ፣ ባልሽ አንድም ነገር አልሰሙም።
ሹሙም፦ ታዲያ እሜት፣ ልከልክለው? አሏቸው።
፦ የልጅ ልጄ ሠርግ ነው፣ ይፈቀድላቸው። ዓይኔ ከእሳቸው አይለይም።

ስንሻው ጠመንጃውን ይዞ እቤቱ ገባና ምን አደረገ? ጥይት ሞላባት። አንዷንም ጉሮሮዋ ውስጥ አጎረሳት። ከዚያም እንግዳ ሁሉ እንዲያይለት ምሰሶው ላይ ሰቀላት። ምነው ሲሉት፦ ሌባ ቢመጣስ፣ ይላል። ሌባው የሚመጣው እኮ እሷኑ ሊሰርቅ ነው። እስቲ አሁን ለዚህ ሰው ምን ትሉታላችሁ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ሞላ፣ ከበሮው ተመታ። ይታይሽ ፊቷን ተሸፍና ተቀመጠች፣ ከኋላዋ ትልቁ የጠላ ጋን ቆሟል። ደመላሽ የሚባለው ሚዜ ጠላው ሞቅ አድርጎታልና ስንሻውን ክንዱን ያዘው።

፦ ጋሼ ስንሻው፣ ያቺን ጠመንጃ አንዴ ስጠኝ፣ ልፎክርባት።
፦ ሹሙ እልፍኝ ተቀምጠዋል እኮ።
፦ ሰውዬው ጠመንጃውን ሰሰተ ይበሉህ?

በሙሽራው ወገን ፊት ስስታም መባል ለስንሻው ሞት ነው። ባዶዋን ብሰጠው ምን አለበት አለና ጠመንጃዋን አወረደ። ከሆዷ ጥይቶቹን አራግፎ ኪሱ ከተተ። ጉሮሮዋን አላየም። የጎረሰችው አንዲት ጥይት እዚያው ቀርታለች።

እሜት ደብሪቱ ከጥግ ያዩት ነበር። ባላቸው አዳኝ ነበሩና ጠመንጃ ለእሳቸው አዲስ አይደለም።
፦ ጥሩወርቅ፣ ጉሮሮዋን ይዩ በያቸው።
ጥሩወርቅ በጨፋሪው መሀል ተሹለክልካ ደረሰች።
፦ ጉሮሮዋን እይ ትልሃለች።
፦ አይቻለሁ በያት።
ተመለሰች።
፦ አይቻለሁ ይላል።
፦ አላዩም። ሳያቸው ነበር። ሂጂ፣ እንደገና ይዩ በያቸው።

ጥሩወርቅ እንደገና ተነሣች። አሁን ግን ጨፋሪው መንገድ ዘጋባት። ጠመንጃዋ ደመላሽ እጅ ገባች። ይፎክራል፣ ይዘላል፣ ይሽከረከራል። ጣቱ ምላጩ ላይ ነው፣ አፈ ሙዟ አንዴ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ አንዴ ወደ ሴቶቹ። ከዚያም ወደ ሙሽራዋ ዞረች። ስንሻው ቆሞ ያጨበጭባል። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ደሜ ይፈላል።

እሜት ደብሪቱ ነጠላቸውን ጣሉና ብድግ አሉ።
፦ አንተ ስንሻው! ያዘው!

አማት የልጇን ባል በስሙ ጠርታ፣ አንተ ብላ። ከበሮው ቆመ። ደመላሽ ደንግጦ ወደ ድምፁ ዞር ሲል ጣቱ ምላጩን ሳበው። ጧ አለች። ጥይቷ በይታይሽ ትከሻ አጠገብ አልፋ ጋኑን በረቀሰችው። ሙሽራዋ ተደፋች፣ ቀሚሷ ራሰ።

ስንሻው በጨፋሪው እግር መሀል ሾለከ። በአራት እግሩ ዳኸና ልጁ ላይ ወደቀ።
፦ ልጄን ገደልኳት።
፦ አባዬ ተነሥልኝ፣ ከበድከኝ። ጠላ ነው።

አንድም ሰው አልሳቀም። የሙሽራው አባት ተነሡና፦ ይህ ነገር ፍርድ ሳያገኝ ሙሽራ አንወስድም፣ አሉ። ሹሙ ከእልፍኝ ወጥተው ጠመንጃዋን ተቀበሉ። የተተኮሰችውን ጥይት ቀለህ አወጡ፣ ሆዷንና ጉሮሮዋን ለሽማግሌዎቹ አሳዩ። ደመላሽን፦ የአንተን ለብቻው አየዋለሁ፣ አሉት። ከዚያም የስንሻውን ኩታ ጫፍ ከእሜት ደብሪቱ ነጠላ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩና ወደ ዋርካው፣ አሉ።

ዋርካው ከዳገቱ ማዶ ነው። ስንሻው ዓይኑን መሬት ላይ እንደ ተከለ ይሄዳል። እሜት ደብሪቱ ግን መሸፈኛቸው ተቋጥሯል፣ ጥሩወርቅም ሩቅ ናት። አፋቸውን ከፈቱ።

፦ እሺ ብለው ነበር።
፦ እሺ ብዬ ነበር፣ እሜት።
፦ ምን ተብለው?

እሳቸው ይናገራሉ፣ እሱ ይደግማል። ሲስት ቋጠሮውን ጎተት አድርገው ያቆሙታል። አታውስ። ጎተት። ሰው መሀል አትተኩስ። ጎተት። አፈ ሙዟን ወደ ሰው አታዙር። ጥይቱ ለብቻው፣ ጣትህ ከምላጩ ውጭ። ዳገቱ ላይ እሜት ደብሪቱ ሊወድቁ ሆነና እሱን ይዘው ዳኑ፣ ከዚያም ጎተት አድርገው፦ ቀጥሉ፣ አሉት።

ዋርካው ሥር ሁሉም ተቀመጠ። ሹሙ ጠመንጃዋን አነሡ።
፦ ስንሻው፣ ይህች ጠመንጃ ባዶ ናት?

ባዶ መሆኗን ያላየ የለም። ከኋላ አንዱ፦ ናት በላቸው እንጂ፣ አለው። ስንሻው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ጥያቄውን ሰማ።
፦ አላውቅም። ልያት።

አፈ ሙዟን ወደ ባዶው ሜዳ አዞረ። ከፈታት። ሆዷን አየ። ጉሮሮዋን አየ፣ ጣቱን ከተተና ዳበሰ። ከዚያም ቀና ብሎ የአማቱን ፊት አየ።
፦ እሜት፣ እርስዎም ይዩልኝ።
አዩለት።
፦ አሁን ባዶ ናት፣ አለ።

ሹሙም፦ ጋኑን ትተካለህ። ጠመንጃዋ እስከ ከርሞ እኔ ዘንድ ትቆያለች፣ ብለው ፈረዱ። የሙሽራው አባት ስንሻውን ትክ ብለው አዩትና፦ ሙሽራችንን እንወስዳለን፣ አሉ። ሹሙ ቋጠሮውን ሊፈቱ ቢሞክሩ እንቢ አለ። ያ ሁሉ ጎተታ አጥብቆታላ። በጥርስ ቢሉ እንቢ፣ በወስፌ ቢሉ እንቢ። እሜት ደብሪቱ፦ አዲስ ነጠላ ነው፣ አይቀደድም፣ አሉ። እንደ ተቋጠሩ ወደ ዳሱ ተመለሱ። ከበሮው ሲመታ አማትና አማች በአንድ ቋጠሮ ጨፈሩ። ይታይሽ ጠላ እንደ ሸተተች እየሳቀች ተዳረች።

ከርሞ ጠመንጃዋ ስትመለስ ምሰሶው ላይ አልወጣችም። እሷ አንድ ሣጥን፣ ጥይቱ ሌላ ሣጥን፣ ቁልፉ እሜት ደብሪቱ አንገት ላይ።

እንግዲህ ሙላት፣ ዛሬም ያው ነው። ፈቃድ ሳትይዝ እንዳትገዛ። ሰማህ?
፦ እሺ አክስቴ።
ምኑን ነው እሺ የምትለኝ? አንድ በአንድ ንገረኝ፣ አለዚያ ነጠላዬ ይኸውልህ።
፦ ፈቃድ አወጣለሁ። አላውስም። ሰው መሀል አልተኩስም። ጥይቱን ለብቻው እቆልፋለሁ። ባዶ ናት ቢሉኝም ከፍቼ አያለሁ።

ተባረክ። ተረቴም እዚህ ላይ ቆመች። እናንተ ጆሯችሁ ጠግቧል፣ የእኔ አፍ ግን ባዶ ነው። ካላመናችሁኝ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ከዚያም ያንን ጥብስ በቆሎ አጉርሱኝ።