የሺባባው ማስታጠቢያ

ግራር ውሃ በምትባል ከተማ፣ አንድ ሰው ብዙ ቃል ገብቶ ጥቂት ሲሠራ የሚጠቅሷት አጭር አባባል አለች። እኔ ብዙ ዓመት ርቄ ስለነበር የሰማኋት በቅርቡ ነው። ነገር ቶሎ ማመን ስለማይሆንልኝ መነሻዋን ከአንድም ሦስት ሰው ጠየቅሁ። አንዱ ለግብዣው የታረደው ወይፈን ነው ይላል፣ ሌላው ሙክት ነው ብሎ ይምላል። አራጆቹን የወይራ አምባ መንደር ሰዎች ስለማውቃቸው እኔ ሙክቱን አምናለሁ። በቀረው ሁሉም ይስማማሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥጋብ ሆቴል ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሌላም ሆቴል ነበር፤ ወጥ የሚጣፍጠውም እዚያ ነው። መንገደኛው ግን ጥጋብ ሆቴል ይሞላ ነበር። ምስጢሩ የባለቤቱ የሺባባው ማስታጠቢያ ነው። እንግዳ ወንበር ስቦ ሳይጨርስ ሺባባው ራሱ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከፊቱ ይገተራል። ምግቡ ደርሷል? የለም፣ አንዳንዴ ሽንኩርቱም አልተከተፈ።

«ኧረ ሺባባው፣ ድስቱን ገና አልጣድኩም!» ትላለች ወጥ ቤቱን የምትመራው ሚስቱ ይርገዱ። «ምን ልታበላቸው ነው የምታስታጥባቸው?»

«አንቺ ድስትሽን ጣጂ። እጁን የታጠበ ሰው ወዴት ይሄዳል?»

እውነቱን ነው። እጁን የታጠበ ሰው በር አይከፍት፣ ቦርሳ አያነሳ። ወዳጁ ቢመጣ እንኳ ለሰላምታ የሚዘረጋለት አንጓውን ነው። ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ይዞ የወጥ ቤቱን በር ያያል። ሺባባው በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተሽከረከረ «እየመጣ ነው!» ይላል፤ እጁ የደረቀበትን እንደገና ያስታጥባል።

እንዲህ ያለ ሰው ፖለቲካ ውስጥ ቢገባ ማን ይገርመዋል? ለክልሉ ምክር ቤት ሲወዳደር ንግግሩ አጭር ነበር። «እኔ እንግዳ አስርቤ አላውቅም» አለ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሳቀና መረጠው።

ከመረጡት መካከል ከዘንጋይ ወንዝ ማዶ ያሉት ወይራ አምባዎች ነበሩበት። ዘንጋይ በበጋ ጠቦት የሚሻገረው ውሃ ነው። ሰኔ ሲገባ ግን ጠዋት እስከ ጉልበት የነበረው፣ ደጋው ላይ የዘነበው ሲወርድ፣ ከቀትር በኋላ በሬ ይወስዳል። ነሐሴ ላይማ ጠዋትም አይሞከር። ጤና ጣቢያው ደግሞ በከተማው በኩል ነው። ስለዚህ አያ ጠገናው የሚባሉ የወይራ አምባ ሽማግሌ ምርጫው እንዳለቀ ወደ ሺባባው መጡ።

«ልጄ፣ ምራቴ ክረምት ላይ ትወልዳለች። ድልድይ ስጠን» አሉት።

ሺባባው አላንገራገረም። በሳምንቱ በከተማው በኩል ባለው የወንዙ ዳር ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ላይ እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቅበት ጀመር።

አያ ጠገናው ቢሮው ድረስ ሄዱ።

«ድልድዩስ ልጄ?»

«እየመጣ ነው፣ አያ ጠገናው።»

«ሲሚንቶ የለ፣ ብረት የለ፣ ሠራተኛ የለ። በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

«ድንጋዩ ተቀምጦ የለም እንዴ?» ሺባባው ከልቡ ሳቀ። «በእኛ በባለ ሆቴሎቹ አነጋገር እጅዎን ታጥበዋል ማለት ነው። እጁን የታጠበ ሰው ይጠብቃል እንጂ አይነሳም!»

አያ ጠገናው መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወጥተው ሄዱ።

ዝናቡ ሳይጠና ምራታቸውን ከተማ ያሉ ዘመዶች ዘንድ ላኩ። ነሐሴ ላይ ተገላገለች። ዘመዶቿ ወንዙ ዳር ወርደው እልል አሉ፤ ግን ዘንጋይ እየጮኸ እልልታው ስንቴ እንደተደገመ ማን ቆጥሮት! ለወንድ ልጅ የሚባለው እልልታ ለሴት ከሚባለው ይበልጣልና፣ አያ ጠገናው የወንድ አያት ይሁኑ የሴት አያት ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያወቁት መስከረም አልቆ ውሃው ሲጎድል ነው። ሴት ነበረች፤ አንገቷንም አጽንታ ነበር።

በዓመቱ ምራትየዋ ደግማ እርጉዝ ነበረች፤ የምትወልደውም ክረምት ላይ ነው። ዘንጋይም እንደነበረ ነው። ሺባባው ግን በዚያ ሰሞን የቢሮ ኃላፊነት ሹመት አማረውና፣ ወይዘሮ እናትነሽ የሚባሉ ትልቅ ባለሥልጣን በሰኔ መጀመሪያ ከክልሉ ከተማ ጋበዘ። የሚያሳያቸው ነገር ሲያጣ ከመጀመሪያው ድንጋይ አጠገብ የሚቀመጥ ሁለተኛ ድንጋይ አስጠረበ። ለወይራ አምባዎችም «እንግዶቼን ምሳ ጋብዙልኝ፤ ሕዝቡ እንዴት እንደሚወደኝ ይዩ» ብሎ ላከባቸው።

«በደስታ!» ብለው መለሱ አያ ጠገናው።

በቀኑ ጠዋት ውሃው ጉልበት ሳያልፍ፣ አያ ጠገናው ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ማስታጠቢያቸውን ተሸክመው ተሻገሩ። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ድንጋዩ ተቀመጠ። እንግዶቹ ድንኳኑ ውስጥ ገና ከመቀመጣቸው አያ ጠገናው ሁሉንም በተራ አስታጠቡ። ሺባባው የመጨረሻው ነበር፤ የቤቱ ወግ ነውና እየሳቀ ታጠበ። ያን ጊዜ ከወደ ደጋው አንድ ጉርምርምታ ተሰማ፤ ዘንጋይ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ መጣ። የተጠበሰ ሥጋ ሽታም ከነፋሱ ጋር ገባ።

«እንዴት ያለ ሽታ ነው!» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ። «ምሳው የታለ?»

«እየመጣ ነው» አሉ አያ ጠገናው።

ሺባባው ይህችን ቃል ሲሰማ ደነገጠ። ድንኳኑን በዓይኑ ቢዞረው ድስት የለ፣ ምድጃ የለ። ቀና ሲል ከወንዙ ማዶ ጭስ አየ፤ በጭሱ ዙሪያ የቆሙት ሴቶችም ጭልፋቸውን ከፍ አድርገው አወዛወዙለት።

«አያ ጠገናው፣ ድስቱ ማዶ ነው እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ቤታችን የት ሆነና?»

«በምን ሊሻገር?»

«በድልድዩ ነዋ! ድንጋዩ ተቀምጦ የለም እንዴ? ያውም አሁን ሁለት ሆኗል።»

የወይዘሮ እናትነሽ ሹፌር ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ሮጠ።

«አያ፣ ኧረ በልጅ አምላክ! ሹመቴን ሊያሳጡኝ ነው!»

«እኔስ የመጀመሪያዋን የልጅ ልጄን ለመሳም ውሃ እስኪጎድል ጠበቅሁ። ሁለተኛውንም ልጠብቅ?» አሉ አያ ጠገናው። ቀጥለውም «በል፣ እጅህ ደርቋል፤ ዘርጋ» አሉት። ሺባባውም ልማድ ሆኖበት ዘረጋ።

ወሬው ከእንግዶቹ ቀድሞ የክልሉ ከተማ ገባ ይባላል። ሐምሌ ሳይጋመስ የብረት ገመድ መሻገሪያ ተዘረጋና ምራትየዋ በእግሯ ተሻግራ ወለደች፤ ድልድዩም በበጋው ቆመ። ሺባባው ሹመቱን አላገኘም። ወደ ሆቴሉ ሲመለስ ማንቆርቆሪያውን ይርገዱ ተረክባው ነበር፤ ሽንኩርቱ ካልተቁላላ አታስነካውም። ሙክቱን ወይራ አምባዎች ማዶ ሆነው ጨረሱት፤ አያ ጠገናው እንኳ አልቀመሱትም።

አባባሏ የተወለደችው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ ነው። ወይዘሮ እናትነሽ ወንዙን አዩ፣ ሁለቱን ድንጋዮች አዩ፣ የሺባባውን እርጥብ እጅ አዩ፤ «እንግዲህ ይህን ሁሉ ታጥበን ምንም ላንበላ ነው?» ብለው ጠየቁ። አያ ጠገናውም ፎጣውን ከትከሻቸው አውርደው እየሰጧቸው እንዲህ አሉ፦ «እኛም የገባን ቆይቶ ነው እመቤቴ፤ ያስታጠበ ሁሉ አያበላም።»