ግድግዳው ላይ የቀረው መቋሚያ

ይህን ነገር የሰማሁት ከሁለት ሰዎች ነው፤ ሁለቱም አንዳንዱን ቦታ ለየቅል ነው የነገሩኝ። ስለዚህ የምሳሳተው አይጠፋም። ሰው እንዳላስቀይም ብዬ የአገሩን ስም ትቼዋለሁ። ዋናውን ግን አላዛባሁም።

በአንድ ወቅት ከዓባይ ማዶ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ታላቁ ይርሳው ገበሬ፣ መካከለኛው ልየው አስተማሪ፣ ታናሹ ፍሬስብሐት እንደ አባቱ የማኅሌት ሰው። የፍሬስብሐት ድምፅ ወንዙ ድረስ ይሰማ ነበር ይላሉ፤ ይህ እንኳ ተጋንኖ ይሆናል።

ፍሬስብሐት በልጅነቱ ጉሮሮውን ደጋግሞ ታሞ ሳይታከም ቀረ። ሕመሙ ውሎ አድሮ ልቡን ነካውና ቫልቩን፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን በር፣ አበላሸው። ካደገ በኋላ ትንፋሹ እያጠረ ሄደ። መቋሚያ ተደግፎም መቆም ሲያቅተው ይርሳው አዲስ አበባ ወስዶ ሆስፒታል አስተኛው።

ሐኪሟ አስረዳቻቸው። የብረት ቫልቭ አለ፤ ሳያረጅ ይኖራል፤ ግን ደም ማቅጠኛ ክኒን በየቀኑ መዋጥ፣ ደምንም በየጊዜው ማስመርመር ግድ ነው። ከእንስሳ የሚሠራም አለ፤ እሱ ያን ሁሉ ክትትል አይፈልግም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ያረጃል።

«ከምን እንስሳ?» አለ ፍሬስብሐት።

«ከከብት። ከአሳማም አለ።»

«የከብቱ ይሁንልኝ። የአሳማውን ይዤ ቅኔ ማኅሌት አልገባም።»

በዚሁ ተስማሙ። ደረቱ ከተከፈተ በኋላ ግን ሐኪሟ ይርሳው ወደተቀመጠበት ወጣች።

«የቫልቩ ቦታ ካሰብነው ጠቦ ተገኘ። በዚህ ልክ ያለን የብረቱና የአሳማው ብቻ ነው። የቱን እናድርግለት?»

ይርሳው የደም ምርመራ ከአገራቸው ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ማንም እንደማይሻገርም ያውቃል። የወንድሙንም ቃል አልረሳም።

«የአሳማውን ያድርጉለት» አለ። «ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይቆጠር። እኔ ይዤ የምመለሰው ወንድሜን ነው፤ ሬሳ አይደለም።»

ፍሬስብሐት ዳነ፤ ድምፁም ተመለሰ። ይርሳው ምስጢሩን ለልየው ብቻ፣ ያውም በአደራ ነገረው።

ልየው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ፍሬስብሐት የደብሩን ክብረ በዓል ማኅሌት እንዲመራ ሲመረጥ ግን አላስቻለውም፤ ወደ አጥሩ ጥግ ጠራው።

«ፍሬ፣ ደረትህ ውስጥ ያለው የከብት አይደለም።»

ፍሬስብሐት ሳቀ። «የዶሮ ነው ልትለኝ ነው?»

«የአሳማ ነው።»

ይርሳው ይህን ሲሰማ ልየውን ሊመታው ቃጣ። «እኔ በነፍሴ የያዝኩትን አንተ በምላስህ በተንከው። በሰላም ሲተነፍስ አስጠላህ?»

«ጋሼ፣ ልቡ የራሱ ነው። እንዲድን ወሰንክለት፤ ደግ አደረግህ። ሳያውቅ እንዲኖር ግን ማን ፈቀደልህ? ብትጠላኝም ጥላኝ።»

ፍሬስብሐት ያን ጊዜ ዝም ቢል ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሞኛል ብሎ ቤቱ ቢቀርም ያምኑት ነበር። እሱ ግን በበዓሉ ዕለት ቅኔ ማኅሌት ገብቶ በመዘምራኑ መካከል ቆመ።

«አባቶቼ፣ ደረቴ ውስጥ የተሰፋው ከአሳማ የተሠራ ነው። እኔም ራሴ ይህን ይዤ አልገባም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ትንፋሹን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው እላለሁ። አይሆንም የምትሉ ከሆነ አንዳችሁ እጄን ይዛችሁ አውጡኝ። በገዛ እግሬ አልወጣም።»

እጁን የያዘው አልተገኘም። ጥቂቶች ግን መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ።

«ሀገረ ስብከት ይጠየቃል» አሉ የደብሩ አለቃ። «እስከዚያ ውጣ አልልህም፤ ግባም አልልህም።»

«ገብቻለሁ እኮ፣ አባ» አለና ዜማውን አነሣ።

አባትየው ይህን ሁሉ ተቀምጠው ሰሙ። ኋላ ሲደክሙ ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «መቋሚያዬን፣ የፈራውን ነገር ሳይሸሽ ያደረገ ይውሰደው» አሉ። የትኛው እንደሆነ ሳይናገሩ ዐረፉ።

«እኔ ባልወስን ኖሮ ዛሬ የሚዘምርም የሚከራከርም አልነበረም» አለ ይርሳው።

«እኔ ባልናገር እሱ ድፍረቱን የት ያሳይ ነበር?» አለ ልየው።

«ሁለታችሁም በእኔ ልብ ነው የደፈራችሁት» አለ ፍሬስብሐት። «ሰው ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ።»

አንዳቸውም አልለቀቁም።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው ዓመት የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከዚያ ከመጣ ሰው ነው። የሀገረ ስብከቱ መልስ አልደረሰም ነበር። ፍሬስብሐት ሰው ባዋሰው መቋሚያ ማኅሌት ይቆማል፤ የአባታቸው መቋሚያ እስከዚያ ዕለት ከግድግዳው አልወረደም። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቅም። እናንተ ብትሆኑ፣ አውርዳችሁ ለየትኛው ትሰጡታላችሁ?