የውሃ ልብስ የለበሰው በረኪና

ተረት ተረት ብያለሁ፤ መልሱልኝና ጆሮ ስጡኝ። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ወይዘሮ ስንቅነሽ ከሰፈር ሻጭ በረኪና ሊገዙ ሄዱ። የያዙት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነበርና በእሱ አስቀዱት። በረኪናም የምንጭ ሥዕል ደረቱ ላይ ለጥፎ ቤት ገባ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! እኔ ውሃ ነኝ ይል ጀመር። ሽንት ቤት ጥግ መቀመጥ ውርደት ሆነበት፤ ማዕድ ላይ ካልወጣሁ አለ።

መጀመሪያ መወልወያው ጨርቅ መከረው። የሰውነቱን ቀዳዳ አሳይቶ፣ ይህን ሁሉ የበላኸኝ አንተ ነህ፣ ውሃ ጨርቅ አይበላም አለው። በረኪና ቅናት ነው ብሎ ናቀው። ቀጥሎ አልኮል መከረው፤ እኔ እንኳ ቁስል የምጠርገው በስሜ ተጠርቼ ነው አለው። እሱንም ሰካራም ብሎ ሰደበው። በመጨረሻ፣ በብዙ እጅ አልፋ የሳሳችው አሮጊቷ ሳሙና ጠራችው።

«ልጄ፣ አንተ ወለል ታጸዳለህ፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ያንን ሥዕል ግን ልጠህ ጣለው። አንድ ቀን ሰው ይጠጣህና ጉሮሮውን ታቃጥለዋለህ።»

«መጠጣት ክብር ነው» አላት። «አንቺን ማን ጠጥቶሽ ያውቃል?»

ይህን ብሎ ተንፏቅቆ ጓዳ ገባና ከውሃ ፕላስቲኮች ተርታ ቆመ።

እሁድ የወይዘሮዋ ባል ታላቅ ወንድም አቶ ጓንጉል ለምሳ መጡ። ወይዘሮ ስንቅነሽ በጥድፊያ ላይ ነበሩ፤ ሥዕሉን አዩና፣ ራሳቸው ያስቀዱትን ረስተው፣ በረኪናውን ከውሃው ጋር ማዕድ ላይ ደረደሩት። በረኪና በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ።

እንግዳው እጃቸውን ሲታጠቡ ሳሙና መዳፋቸው ላይ ነበረች። ገና ሳይለቃለቁ ጥም አሸነፋቸውና የበረኪናውን ፕላስቲክ ከማዕዱ ላይ ከፍተው ወደ አፋቸው አነሱ። ሳሙና ደነገጠች። ያላትን አረፋ ሁሉ በጣቶቻቸው መሐል ለቀቀችው። ፕላስቲኩም ከእጃቸው ሙልጭ ብሎ አመለጠና ጥቁር ሱሪያቸውና ወለሉ ላይ ተደፋ። ሱሪው ገብስማ ዶሮ መሰለ፤ ጉሮሯቸው ግን ተረፈ።

ወይዘሮዋ ምን አሉ? ይቺ ሟላጫ ሳሙና በእንግዳ ፊት አዋረደችኝ ብለው በመስኮት ወረወሯት። በረኪና የፈሰሰበትን ወለል ሲያዩ ግን እንዴት አማረ አሉ። የተረፈውንም ከነፕላስቲኩ ጓዳ ከውሃው ተርታ መለሱት። ሥዕሉን የላጠ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ያዳነ ይጣላል፣ የሰው ልብስ የለበሰ ይከበራል። ተረቴን መልሱ፤ ፕላስቲኩን ግን አፋችሁ ሳይደርስ አሽትቱ።