ከአውጫጪኝ የቀረው ጎረቤት

ፊታውራሪ አምባዬ ለሽርሽር ያመጧትን የሞተር ጀልባ ራሴ ካልነዳሁ ብለው ጣና ውስጥ ካለ ድንጋይ ጋር አላተሟት። ውኃ የሚገፋው ፕሮፔለር እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባበረ። ፊታውራሪም «ድንጋዩን መንገዴ ላይ ያስቀመጠ ምቀኛ ይውጣ» ብለው አገሩን ሁሉ ለአውጫጪኝ ሰበሰቡ። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ፣ ከጉባኤው የቀረም እንደ ጥፋተኛ እንዲቆጠር አዘዙ። ላሞች ሳይታለቡ አደሩ። በማግስቱ አንድ ታንኳ ቀዛፊ ተነሣ።

«ጌታዬ፣ የቀረ ጥፋተኛ ነው ብለዋል። እኛ ሁላችንም እዚህ አለን፤ የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሄደህ ጥራው» አሉ ፊታውራሪ።

«እኔስ ዕድሜ ልኬን በአጠገቡ ሳልፍ ደጁን አንኳኩቼ አላውቅም። እርስዎ ይጥሩት፤ የፕሮፔለሩ ስብርባሪ ደጁ ላይ ስላለ ቤቱ አይጠፋዎትም።»