የግራሺያና ሦስት ሺህ ዘመዶች

በድሮ ዘመን፣ ተራሮች ገና ጥርስ በሚያበቅሉበት፣ ድንጋይም እንደ ሊጥ በሚለሰልስበት ዘመን፣ ባስክ በሚባል አገር ግራሺያና የምትባል ባልቴት ነበረች። ግራሺያና ደግ ነበረች፤ ምላሷ ግን እንደ ሳማ ይለበልብ ነበር። ከእሷ ማዶ ኦቾአ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ይኖር ነበር። ኦቾአ እጁ ብልህ፣ አፉ ጣፋጭ፣ ልቡ ሌባ። ስሙን ማንሳት ራሱ አፍ ያመርራል።

ልጆች፣ እኛ ሰውን በአባቱ ስም እንጠራለን። የባስክ ሰዎች ግን በቤቱ ይጠሩታል። ቤት ሁሉ ስም አለው፤ እዚያ የተወለደም፣ አግብቶ የገባም፣ በእንግድነት መጥቶ ልጅ የሆነም የቤቱን ስም ይወስዳል። የግራሺያና ቤት ኤርላቴጊ ይባል ነበር፤ የንብ ቤት ማለት ነው። በዓለም ላይ ያለው ኤርላቴጊ እሱ ብቻ ነበር። የኦቾአ ቤት ደግሞ ኡርዴቴጊ ይባል ነበር፤ የአሳማ ጋጣ ማለት ነው። ኦቾአ በዚህ ስም በተጠራ ቁጥር ጥርሱን ያፋጫል።

ግራሺያና ባልም ልጅም የላትም። ያላት ቤቷ፣ ስሟና ጓሮዋ የተደረደሩት ቀፎዎች ናቸው። በዚያ አገር ደግሞ ንብ ቤተሰብ ናት። ልጅ ሲወለድ ይነገራታል። ሙሽራ ስትገባ ይነገራታል። ሰው ሲሞት ይነገራታል። ቀፎው ሦስት ጊዜ ይንኳኳና ወሬው ቀስ ተብሎ ይነገራል። እመቤቲቱ በሕይወት ካለች ራሷ ትናገራለች፤ ሌላ ሰው የሚናገረው የእመቤቲቱን ሞት ብቻ ነው። ሳይነገራቸው የቀሩ ንቦች አኩርፈው ይሄዳሉ።

አንድ ዓመት በረዶ ወረደ። እንዴት ያለ በረዶ መሰላችሁ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጉንፋን ይዞት እስከ ፋሲካ ያስል ነበር። በእኩለ ቀን አንድ ሰው የግራሺያናን በር መታ። ዓይኖቹ ከበረዶው ነጸብራቅ የተነሣ አብጠው ተዘግተዋል።

«መንገድ የጠፋብኝ ሰው ነኝ» አለ።

«ግባ። ጫማህን ግን አውልቅ፤ ወለሉን አሁን ጠርጌዋለሁ።»

በመጀመሪያው ቀን ወተት በማር አጠጣችው። በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ማር ቀብታ በጨርቅ አሰረችለት። በሦስተኛው ቀን ፈላጊዎቹ ከሩቅ ሲጣሩ ሰምታ እጁን ይዛ እስከ መንገዱ ሸኘችው። ሰውየው ፊቷንም ቤቷንም አላየም።

«ቤቱ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ።

«ኤርላቴጊ።»

ሰውየው ለካ ንጉሡ ኖሯል። ዓይኑ በዳነ ማግስት አዋጅ አስነገረ። «የኤርላቴጊ ሰው ለድልድዬ ድንጋይ አይሸከም። የኤርላቴጊ ሰው ለጦር አይዝመት። የኤርላቴጊ ሰው በፊቴ ቆቡን አያውልቅ።»

ኦቾአ አዋጁን ሰማና መሮውን አነሣ። ከበሩ በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ኡርዴቴጊን ፋቀ፤ ጥጃ ጥጃ በሚያካክሉ ፊደሎች ኤርላቴጊ ብሎ ቀረጸ።

ጎረቤቱ መጥቶ አንጋጦ አየ። «ኦቾአ፣ ምን መሆንህ ነው?»

«የንጉሥ ወዳጅ ሆንኩ።»

«እኔንስ አታደርገኝም?»

«አንድ የደረቀ የአሳማ እግር አምጣ።»

በሳምንቱ ሦስት ቤት ኤርላቴጊ ሆነ። በወሩ ሦስት መቶ ሆነ። ለፋሲካ ሦስት ሺህ ሞላ። ወፍጮ ቤቱ ኤርላቴጊ፣ የዶሮው ቆጥ ኤርላቴጊ። ቄሱ «ኤርላቴጊ» ብለው ቢጣሩ ምእመኑ ሁሉ «አቤት» አለ፤ ደጅ የታሰረው አህያም አብሮ አናፋ።

ግራሺያና ስታልፍ አንዱ «እንደምን አደርሽ፣ የአክስቴ ልጅ» አላት።

«እናቴ ለእናቷ አንድ ነበረች። አክስትየዋን ከየት አመጣሃት?» አለችው።

የንጉሡ ድልድይ ግን ተሸካሚ አጥቶ ወንዙ መካከል ቆመ። ንጉሡ ተቆጣ። «ያስጠለለኝ አንድ ቤት ነው። እውነተኛው ይለይ፤ የቀሩት ቤታቸውን ይነጠቁ» ብሎ ዳኛ ላከ።

ዳኛው ከበር በር እየዞረ የተቀረጸውን ሲያነብ ግራሺያና ደጅ ደረሰ። ከበሯ በላይ አንድ ፊደል የለም።

«ስሙ የታለ?»

«ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ለማን ብዬ ልጻፈው፣ ጌታዬ?»

«እሺ፣ ማን ያውቃል?» ብሎ ዳኛው ወደ ሰዎቹ ዞረ።

ማሯን የላሱ ሰዎች ነበሩ። በሻማዋ ሙታናቸውን የሸኙ ሰዎች ነበሩ። በእሷ እጅ የተወለዱ ሰዎች ነበሩ። እውነቱን ቢናገሩ ቤታቸው ሊሄድ ነው። ሁሉም ጫማ ጫማቸውን አዩ። ጫማ እንዲህ ተተኩሮበት አያውቅም።

ማያሌን የምትባል ልብስ አጣቢ ብቻ ወጣ አለች። «እኔ አውቃለሁ። ቤቱም ስሙም የእሷ ነው።»

«የአንቺስ ቤት ማን ይባላል?»

«ቤት የለኝም፣ ጌታዬ። ጎተራ ውስጥ ነው የማድረው።»

«ቤት የሌለው ስም የለውም። ስም የሌለው አይመሰክርም» አለ ዳኛው።

እዩት እንግዲህ፣ ልጆች። ስም የሰረቁት ሦስት ሺህ ሰዎች ምስክር ይሆናሉ፤ ያልሰረቀችው አትሆንም።

ኦቾአ ቆቡን ሳያወልቅ ቀረበ። «ጌታዬ፣ ንጉሡን ያስጠለልኩት እኔ ነኝ፤ ስሙንም ከሁሉ ቀድሜ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ይህም ቤት፣ ቀፎዎቹም የእኔ ናቸው። ይህች ምስኪን ቀጥሬ ያስቀመጥኳት ንብ ጠባቂዬ ናት።»

«ንጉሡ ድምፄን ያውቃል። እሱ ዘንድ ውሰዱኝ» አለች ግራሺያና።

«ንጉሥ የባልቴት ድምፅ ሲያዳምጥ አይውልም» አለ ዳኛው። «ኦቾአ ጽሑፍ አለው፤ አንቺ የለሽም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልቀቂ።»

ግራሺያና አላለቀሰችም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። «አንድ ነገር ብቻ፣ ጌታዬ። ቤቱ ጌታ ከለወጠ ለንቦቹ ይነገር።»

ዳኛውም የባስክ ልጅ ነውና «ይገባል» አለ።

«ቤቱ የእሱ ከሆነ እሱ ይንገራቸው» አለች።

ኦቾአ ሳቀ። ቀፎ ኖሮት አያውቅም። ለንብ ሲነገር የሰማው አንዴ ብቻ ነው፤ የግራሺያና እናት የሞተች ቀን፣ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ። ያንኑ የሰማውን ይዞ ቀፎውን መታ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ንቦቼ ሆይ፣ የቤቱ እመቤት ሞታለች። ከዛሬ ጀምሮ ጌታችሁ እኔ ነኝ።»

አሮጊቶች አማተቡ።

«ኧረ አለሁ» አለች ግራሺያና ከኋላው።

ዳኛው ፊቱ ተለዋወጠ። «ኦቾአ፣ ይህች ሴት ጠባቂዬ ናት ብለህ ነበር። ታዲያ ሞተች ያልካት የቤቱ እመቤት ማን ናት?»

ኦቾአ ወደ ኋላው ዞረ። ዓይኑ ወደ ግራሺያና ሄደ። የሁሉም ዓይን ተከተለው።

ንቦቹ ደግሞ ሐሰተኛ መርዶ አይወዱም። እንደ ሺህ ወፍጮ እያጉረመረሙ ወጡ። ኦቾአ ሮጠ። ሦስት ተራራ ወጣ፣ ሦስት ወንዝ ተሻገረ፣ ዞሮ ዞሮ የገዛ አሳማዎቹ ጋጣ ውስጥ ጭቃው ላይ ተደፋ። አሮጊቷ አሳማ ዘመዷን ለይታ ቦታ ለቀቀችለት።

ሌሎቹ ዘመዶችስ? መሮ ይዘው ወደየበራቸው በረሩ። በዚያ ቀን ስም ሲፋቅ የተነሣው አቧራ እስከ ባሕሩ ደረሰ፤ ዓሦቹ ሳይቀሩ አነጠሱ። ፀሐይ ስትጠልቅ በአገሩ አንድም የተጻፈ ኤርላቴጊ አልተገኘም።

ዳኛው የሆነውን ሁሉ መልእክተኛ ልኮ ነገረውና ንጉሡ በሦስተኛው ቀን ራሱ መጣ። ገና ደፉን ሲረግጥ ከውስጥ ድምፅ ሰማ።

«ጫማዎን ያውልቁ፤ ወለሉን አሁን ጠርጌዋለሁ።»

ንጉሡ ጫማውን አወለቀ። ቆቡንም አወለቀ። «ድምፅሽ ይህ ነው። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ እናቴ።»

«ወተት ሰጠሁዎ፤ እርስዎ ሦስት ሺህ ዘመድ ሰጡኝ» አለች ግራሺያና። «ከሦስት ሺው አንዱ እንኳ ከቤቴ ስወጣ አፉን አልከፈተም። አዋጅዎን ያንሡልኝ። ስሜን ለሌባ የሚያስጎመጅ አድርገውብኛል።»

ንጉሡ አፈረ፤ አዋጁን አነሣ። የቤት መነጠቁንም ተወና ሦስት ሺው ድንጋይ ተሸክመው ድልድዩን እንዲጨርሱ አዘዘ። ከፊት የሚሸከመው ኦቾአ ነበር፤ አለቃውም ጠዋት ማታ «ና፣ ኡርዴቴጊ» እያለ ይጠራዋል።

ግራሺያና ግን ማያሌንን ከጎተራው አመጣቻት። እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻትና ቀፎውን ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«ንቦቼ» አለች፣ «ልጅ አግኝተናል።»

ንቦቹም እሺ አሉ። ስሙ ዛሬ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው፤ ከማያሌን ልጆች በቀር የሚጠራበት የለም።

ስም በበር ላይ ቢቀረጽ ድንጋይ ነው፤ በክፉ ቀን የሚመሰክርለት ካገኘ ግን ስም ነው።

ተረቴን ለንቦቹ ንገሩልኝ፣ አፌን በማር አብሱልኝ።